ዳዶዋ የት ሄደች?

የመካኒክ ዕቃ ሁሉ እኩል አይደለም። መዶሻ ለሁሉም ያገለግላል፤ ፒንሳም እጁን የማያስገባበት ሥራ የለም። አንዳንዱ ዕቃ ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተፈጥሮ፣ ያቺ ጉዳይ እስክትመጣ ዕድሜውን ሙሉ ይቀመጣል። የፓወር ስቲሪንግ ፓምፕ ፑሊ ማውጫና ማስገቢያ እንዲህ ያለ ነው። በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ተቀምጦ ይመጣል፤ ፑሊ ያወጣል፣ ፑሊ ያስገባል፣ በቃ። ሚስማር እንኳ አይመታም። እንዲህ ያለ ባለ አንድ ሙያ ዕቃ ለምን አስፈለገ ብዬ የዘር ሐረጉን ስቆጥር፣ ነገሩ ከአንዲት የጠፋች ዳዶ ጋር አገናኘኝ።

ከዳዶዋ በፊት ግን መሪ በክንድ ብቻ የሚዞርበት ዘመን ነበር። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በፒርስ አሮው ኩባንያ የጭነት መኪና ክፍል ሲሠራ፣ ከባድ መኪና ማዞር ምን ያህል ትግል እንደሆነ ያያል። ሥራውን ለቆ ማሳቹሴትስ፣ ዋልተም ከተማ ውስጥ በዘይት ግፊት መሪን የሚያግዝ ዘዴ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1926 የገጠመበትን መኪና ራሱ እየነዳ ዲትሮይት ድረስ ወስዶ ለጄኔራል ሞተርስ አሳየ። ወደዱለት፤ ተፈራረሙም። ቀጥሎ የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣና በ1934 ወጪው አያዋጣም ተብሎ ተተወ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን ለእንግሊዝ ጦር በተሠሩ ብረት ለበስ መኪናዎች ላይ ተገጠመ፤ ለጦርነት ሲሆን የማያዋጣ ወጪ የለም። ተራው ገዢ ያገኘው በ1951 ነው፤ ያውም ከክራይስለር፣ ያውም ዘመናቸው ባለፈባቸው የዴቪስ የፈጠራ መብቶች ላይ በተመሠረተ ሥራ። ጄኔራል ሞተርስ ይህን ሲያይ የሩብ ምዕተ ዓመት እንግዳውን ደጅ አላስጠናውም፤ በ1952 ካዲላክ ላይ አስገባው።

ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ነው። ፓምፑን ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል፤ ቺንጋው የሚያርፈው ደግሞ ፑሊው ላይ ነው። ታዲያ ፑሊው ከፓምፑ ዘንግ ጋር በምን ይያያዝ? የድሮው መልስ ቀላል ነበር፤ ዘንጉ ላይ ትንሽ ሽብልቅ፣ ጫፉ ላይ ዳዶ። መፍቻ ያለው ሁሉ ይፈታዋል። የጄኔራል ሞተርስ የመሪ ክፍል፣ ሚሺጋን ያለው ሳጊኖው፣ በኋላ ሌላ መንገድ መረጠ። የፑሊውን ቀዳዳ ከዘንጉ በፀጉር ያህል አጥብቦ በፕሬስ ገፍቶ ማስገባት። ከዚያ ወዲያ ፑሊው ከጣት አልወልቅ እንዳለ ቀለበት ነው። ሽብልቅ የለ፣ ዳዶ የለ። ለፋብሪካው እንፍረድለት ካልን ሥራው ጥሩ ነው፤ የሌለ ዳዶ አይላላም። በእያንዳንዱ ፓምፕም አንዲት ዳዶ፣ አንዲት ሽብልቅና አንድ የማጥበቅ ድካም ይተርፋል።

ይህ ቁጠባ ሌላው ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያየሁት ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የአገራችን ሰው ጋራዥ ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ቶዮታ ሲፈቱ የኖሩ፣ ወደዚህ በቅርቡ የመጡ ሰው ናቸው። ብዙ የቶዮታ ፓምፕ ፑሊውን የሚይዘው በዳዶ ነው። የእኔን አሮጌ ሼቭሮሌት ፓምፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ መሃል መሃሉን በባትሪ እያበሩ ያገላብጡታል።

«ዳዶው የታለ?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«ወልቆ ነው?»

«ሲፈጠርም አልነበረውም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ይዞት ነው የዞረው? ጸሎት?»

ዓይናቸው ወደ መዶሻው ሄደ፤ እጃቸው ግን አልተከተለም። ጥሩ መካኒክ ከመምታቱ በፊት ከኋላ ማን እንዳለ ያስባል። ከዚህ ዘንግ ኋላ ያለው ሮተር ነው፤ 10 ስስ የብረት ምላሶቹን ይዞ በሁለት ሳህኖች መካከል ይሽከረከራል፣ የተተወለትም ክፍተት ለዘይት ብቻ የሚበቃ ነው። የዘንጉ ጫፍ ቢመታ ዱላው የሚያርፈው እዚያ ነው። ባለ እግሩን ፑለርም አነሱና መልሰው አስቀመጡት። እሱ የሚይዘው የፑሊውን ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ስስ ስለሆነ ይታጠፋል፣ መሃሉ ግን ንቅንቅ አይልም።

ፋብሪካውም ይህን ስለሚያውቅ በፑሊው አንገት ዙሪያ አንድ ጎድጓዳ መስመር ትቷል። የማውጫው ሁለት ግማሽ ቀለበቶች ያንን ጎድጓዳ ግራና ቀኝ ያቅፋሉ፤ እንዳይላቀቁ ሌላ ቀለበት ከላይ ይለብሳሉ፤ የመሃሉ ብሎን የዘንጉን ጫፍ ይገፋል። አካሉን በአንድ መፍቻ ይዞ ብሎኑን በሌላው ማዞር ነው። ፑሊው ሲጥ እያለ ይመጣል።

ማስገቢያው ከማውጫው ይበልጥ ብልህ ነው። የዘንጉ ጫፍ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ አለው፤ ረጅሙ ብሎን እዚያ ውስጥ ይገባል። ከላይ ዳዶው ሲጠብቅ፣ ከሥሩ ያለው ኩሽኔታ ፑሊውን ወደ ታች ይገፋል፣ ብሎኑም ዘንጉን ወደ ላይ ይስባል። ግፊያውም ስበቱም እዚያው ዘንጉ ላይ ስለሚጣፉ የፓምፑ ሆድ የሚሰማው ነገር የለም። የፑሊው አንገትና የዘንጉ ጫፍ እኩል ሲሆኑ ሥራው አለቀ።

ከላይ ዳዶው ሲጠብቅ ማለቴን ልብ ይሏል። ዳዶዋ ለካ አልጠፋችም፤ ከመኪናው ወርዳ ሣጥኑ ውስጥ ገብታለች። ለጄኔራል ሞተርስ ልዩ ዕቃ የሚያቀርበው ኬንት ሙር ለማስገቢያው ጄ 25033፣ ለማውጫው ጄ 25034 የሚል ቁጥር ሰጥቷል፤ መጀመሪያ ጣጣውን ማስገባት፣ ቀጥሎ ማውጣት። የብሎኑ ጉልበት ራሱ ግን የማንም ፋብሪካ ርስት አይደለም። የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ብሎን የወይራ መጭመቂያ እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ ትቷል። ያኔም ጉዳዩ ዘይት ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ የመለዋወጫ መደብሮች ሣጥኑን በመያዣ ያውሳሉ፤ ሲመለስ መያዣው ይመለሳል። ጋሼም ተውሰው ሠሩበት። ከመመለሳቸው በፊት ግን እያንዳንዱን ቁራጭ እየለኩ በወረቀት ሣሉት። «ይኼን እኮ ቶርኖ ቤት በግማሽ ቀን ያወጡታል» አሉ።

ይሁንና ሣጥኑም ዘመኑ እያለፈ ነው። ሱዙኪ በ1988 ሰርቮ በተባለች ትንሽ መኪናው ላይ መሪን በኤሌክትሪክ ሞተር ማገዝ ጀመረ፤ ዛሬ አብዛኛው አዲስ መኪና የመሪ ፓምፕም፣ ፑሊም የለውም። ዘይት አያፈስ፣ ቺንጋ አይጮህ። መሪው ተነካክቶ ሲገጠም ግን ብዙ ጊዜ ቀጥታ የቱ እንደሆነ በኮምፒውተር ሊነገረው ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ መኪናው ውስጥ አልተጨመረም፣ ጋራዡ ይገዛዋል። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ይኼኛው ዕቃ አይበዛበትም» ሲለኝ አልከራከርም። የቀነሱት ዕቃ አሁን በማን ሣጥን ውስጥ እንዳለና በስንት እንደሚያከራዩት ብቻ እጠይቃለሁ።