ይሰማሻል?

17 ዓመት ሲሞላኝ በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። አክስቴ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ ቀባችኝ። ነጥቧ ግን ሰፋች፤ በዓመቱ ጣቶቼን አዳርሳ ከንፈሬ ጥግ ላይ ብቅ አለች። ሰፈርተኛው ስም አላጣላትም፤ «ለምጽ» አላት።

መዘምራን ውስጥ ከፊት መስመር ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ማንም ሂጂ አላለኝም። «እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልይ» ሲባል እጄን ሹራቤ ውስጥ እደብቅ ነበር። አንድ እሁድ ስብከቱ ስለ ንዕማን ነበር። ሰባኪው ለምጽ የኃጢአት ምሳሌ መሆኑን ሲያስረዳ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ እጄን አየት አድርጋ ቶሎ ዐይኗን መለሰች። በዚያ ሌሊት ንስሐ ያልገባሁበትን ኃጢአት ስፈልግ አደርኩ።

በመጨረሻ እናቴ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ዐይኔን አስጨፍና ነጩን ቦታ በጥጥ ነካ አደረገችው።

«ይሰማሻል?»

«አዎ።»

«የሥጋ ደዌ ቢሆን ኖሮ ላይሰማሽ ይችል ነበር። እሱም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል» አለችኝ።

የእኔ ግን ሌላ ነው፤ በሕክምና ስሙ ቪቲሊጎ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ያጠፋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ አለበት። የሚቀባ መድኃኒትና የብርሃን ሕክምና አለው፤ ቀለሙ ለአንዳንዱ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም።

ቤት ገብቼ ስፈራው የኖርኩትን ዘሌዋውያን 13ን አነበብኩ። ካህኑ አንዱን ምልክት ከሌላው በጥንቃቄ እንዲለይ ታዟል፤ ነጭ ሆኖ «ንጹሕ» የሚባል ቆዳም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አለ። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለነዋል። ጌታም ለምጻሙን ያነጻው በቃል ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው።

ወገኖቼ፣ በቡድናችሁ ውስጥ እጁን የሚደብቅ ካለ፣ እናንተ ቀድማችሁ ዘርጉለት።

ነጩ ዛሬም አለ። ባለፈው ወር ጸሎት ላይ ግን እጄን ከሹራቤ አወጣሁ። ከጎኔ ያችው ልጅ ነበረች። ጥቂት አመነታችና ያዘችኝ። እጇ ይሞቅ ነበር፤ ተሰማኝ።