ከምትወዳት ጋር ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ

አንባቢ ሆይ! የምትወዳትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዘህ በከተማ ለመንሸራሸር አስበህ እንደ ሆነ፥ ምክሬን ከመስጠቴ በፊት ጥፋቴን ልንገርህ፤ ከጥፋት የተገኘ ምክር ይበልጥ ይታመናልና።

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ወራት ሙሉ «ቡና እንጠጣ» ለማለት ድፍረት ያጣሁባት ልጅ በመጨረሻ እሺ ባለችኝ ጊዜ፥ ቡና ቤት መቀመጡ አነሰብኝና አዲስ አበባን ላሳያት ቆረጥሁ። ሦስት ሌሊት መጻሕፍት አገላብጬ፥ ዓመተ ምሕረቱንና ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ በኪሴ ከተትሁ። ይኸን ሁሉ ሳሰናዳ፥ እርስዋን «አንቺስ የትኛውን ሠፈር ትወጃለሽ?» ብሎ መጠየቅ ከቶ አልታሰበኝም።

መጀመሪያ የተሳሳትሁት በመንገዱ ነው። ከአራት ኪሎ ተነሥቼ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ወሰድኋት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ዳገቷን እየወጡ ፍቅር መናገር ትንፋሽ ይጠይቃል። እርስዋ ደግሞ አዲስ ጫማ ተጫምታ ነበር። እኔ ግን ወረቀቴን እንጂ ጫማዋን አላየሁም።

በመካከል ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር እንደ ተገኘች፥ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ዘረዘርሁላት። ልጅቱ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ «ምን ያህል ትንሽ ናት!» ስትል፥ እኔ ሰዓቴን አይቼ አጣደፍኋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ የዚያን ቀን ስንት ነገር እንዳፈሰስሁ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ስድስት ኪሎ ከሰማዕታቱ ሐውልት ፊት ስንደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በዚያው አጠገብ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ እንደ ጣሉ፥ ፋሺስቶችም በበቀል ሕዝቡን ሦስት ቀን እንደ ፈጁ፥ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 እንዳደረሰው ተናገርሁ። እንደ አስተማሪ ነበርሁ። እርስዋ ዝም ብላ በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ስታይ ቆየችና፥

«ከሠላሳው ሺሕ አንዱ የአያቴ አባት ናቸው» አለችኝ። «የካቲት 12 በመጣ ቁጥር አያቴ እጄን ይዛ እዚህ ታመጣኝ ነበር።»

አንባቢ ሆይ! እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን የለም። ወረቀቱን በኪሴ ውስጥ ጨበጥሁት። ምን እንደምል ቢጠፋኝ «እባክሽ ስለ እርሳቸው ንገሪኝ» አልኋት። ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ ስለ ቅድመ አያቷ የጀመረችው ወደ አያቷ፥ ከአያቷ ወደ ልጅነቷ አለፈ፤ ቁልቁል ስንመለስ ፀሐይ መጥለቋን እንኳ አላስተዋልንም። ያች ልጅ ዛሬ ባለቤቴ ናት። «ያን ጊዜ ሌላ ቁጥር ብትጠራ ኖሮ ታክሲ ይዤ እሄድ ነበር» እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ ጠይቃት። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበትን ጥቅምትን ወይም ኅዳርን ምረጥ። ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም በታክሲ ስድስት ኪሎ ውጡና ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ በእግር ውረዱ፤ መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሙዚየም አንድ ይበቃል፤ እርሱም የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድመህ እወቅ። አራት ኪሎ ስትደርሱ፥ ሚያዝያ 27 ቀን የሚታሰብበትን የድል ሐውልት አይታችሁ ቡና ጠጡ። በጥቅምት ፀሐይ በ12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለችና፥ ሳይመሽ ወደ ቤቷ ሸኛት።

ደግሞም መንገዱን ቀድመህ ብቻህን ሂድበት። ከተማችን በቶሎ ትለወጣለች፤ ስንቱ ፍቅረኛ የተቃጠረበት አሮጌው ፒያሳ እንኳ በ2016 ዓ.ም. አብዛኛው ፈርሷል። ያሰብኸው ቡና ቤት በቦታው መኖሩን ሳታረጋግጥ ልጅቱን ይዘህ አትንከራተት።

ታሪክ ማወቅህ መልካም ነው፤ እኔም ያጠናሁትን አልጸጸትበትም። ነገር ግን ሐውልቱ ነገም በቦታው ይገኛል፤ አጠገብህ የቆመችው ልጅ ግን ልትናገር የጀመረችውን ካቋረጥህባት ደግማ አትጀምረው ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ከቤት ትተህ ውጣ።