አውሮፕላኑ የሌለበት 50 ደቂቃ

የርቀት ማስያ ገጾች ላይ ኮምቦልቻ ኤርፖርትና ባሕር ዳር ኤርፖርት ብላችሁ ብታስገቡ 267 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ የበረራ ጊዜ 50 ደቂቃ ይላችኋል። አላመንኩትምና ራሴ አሰላሁት። ከሁለት ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ተነስቶ የምድርን ክብነት ቆጥሮ ርቀት የሚያወጣ ቀመር አለ፤ ሀቨርሳይን ይባላል፣ ኮዱ ዐሥር መስመር አይሞላም። መልሱ ያው ሆነ። ደቂቃውም ቀላል ነው፦ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ታካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ትጨምራላችሁ። በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ቀመሩ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ያስቆጠረኝ የእህቴ መውለድ ነው። እሷ ባሕር ዳር፣ እናታችን ደሴ። የገንፎ ዱቄቱ ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። በመኪና ከሆነ በወልዲያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር ዞሮ ነው፤ በዚህ ጊዜ ስልሳ ዓመት ያለፋትን ሴት ብቻዋን በዚያ መንገድ ለመላክ ልቤ እሺ አላለኝም።

ትኬት ስፈልግ የመጣልኝ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ቦሌ ወደ 250፣ ቦሌ ባሕር ዳር ወደ 330 ኪሎ ሜትር፤ ከቀጥታው እጥፍ በላይ። እኛ ኔትወርክ ስንዘረጋ ይህን የኮከብ ቅርጽ እንለዋለን፤ ሁሉም ነገር መሀል ባለው ያልፋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ከየአገሩ የመጣ ሰው ቦሌ ላይ ተሰብስቦ አንድ አውሮፕላን ይሞላል፤ ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር ብቻ የሚሄደው ግን በየቀኑ ሰባ ወንበር አይሞላም ይሆናል። ወጪው የሚያርፈው ግን ጫፍ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሐረጎ አለ። የኤርፖርቱ መለያ ዲ ኤስ ኢ ነው፣ ከደሴ የተወሰደ፤ ሜዳው ግን ያለው ኮምቦልቻ ነው። (የማን ኤርፖርት ነው የሚለውን ክርክር የደሴ ልጅ ስለሆንኩ አልገባበትም፤ መለያውን ብቻ እዩት።) ደሴ ጦሳ ሥር የተሸጎጠች ከተማ ናት፤ አውሮፕላን የሚንደረደርበት ሜዳ ከየት ይምጣ? ስለዚህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዙ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል መውረድ ነው። ደሴ ላይ የተለበሰው ጋቢ ኮምቦልቻ ሲደረስ ይወልቃል።

እናቴ ከቤት የወጣችው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ቦሌ ላይ አራት ሰዓት መጠበቅ ነበረባት። የምሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ ሄጄ አገኘኋት፤ ከተርሚናሉ ውጭ ተቀምጠን ያመጣችውን ቆሎ እየቆረጠምን ትንሽ ዝም አለች።

«ባሕር ዳር ከኛ ወደ ፀሐይ መግቢያ አይደል እንዴ?»

«ነው እማዬ።»

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣኝ?»

ስለ ኮከቡ፣ ስለ ወንበሩ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና እጄ ላይ ቆሎ ጨመረችልኝ። «አንተን ልታይ ነው የመጣሽው በለኛ። አብሽር።»

እህቴ ቤት ስትደርስ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አየር ላይ የነበረችው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ስደውል ስልኩን ያነሳችው እህቴ ናት፤ እናቴ ገንፎውን እያገነፋች ነበር።