የዲጄው ጆሮ ስንት ያወጣል?

ዛሬ ስለ ምርጫና ስለ ድምፅ ልጽፍ ነው። ቦርዱንም ፓርቲዎቹንም አይመለከትም፤ ለእነሱ ሌላ ቀን አለን። የዛሬው ምርጫ የሠርግ ዲጄ የጆሮ ማዳመጫ ምርጫ ነው፤ ድምፁም ከሞንታርቦ የሚወጣው ነው። «ይሄም ጉዳይ ሆኖ!» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ውስጥ የኑሮ ውድነትም፣ የወጣት ሥራም፣ ጤናም አለ።

የወንድሜ ልጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ ዲጄ ነው። ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ ቅዳሜና እሑድ አይገኝም፤ ወይ ሠርግ ወይ መልስ ላይ ነው። በቅርቡ ዕቁብ ደረሰውና ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሌላ ሞንታርቦ ልጨምር ወይስ መብራት ልግዛ?» አለኝ። እኔን የጠየቀኝ በ1990ዎቹ እዚያው ከተማ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት እየቀዳሁ ስለኖርኩ ነው። «ማዳመጫህ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። ሳቀ። «የስልኬ ናት፤ ትሠራለች» አለ። ቀጥሎም እንደ ተራ ነገር፣ «ከሠርግ ስመለስ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮኻል፤ እሱ የሁላችንም ነው» ብሎ ጨመረልኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው።

መጀመሪያ ማዳመጫው ለዲጄ ምን እንደሚሠራለት እንግባባ። ዲጄ ማዳመጫ የሚያደርገው ሙዚቃ ለማጣጣም አይደለም። ሰው የሚጨፍርበት ዘፈን በስፒከር እየሄደ፣ እሱ ቀጣዩን ዘፈን ብቻውን ቀድሞ ይሰማል። አንዱ ጆሮው ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ሌላው ገና ባልመጣው ዘፈን ውስጥ ነው። የሁለቱን ምት አስተካክሎ፣ ጨፋሪው ሳያውቀው ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፍራንሲስ ግራሶ ይህን አሠራር ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው።

«አሁን እኮ ሶፍትዌሩ ራሱ ያጋጥመዋል» የሚል አይጠፋም። ሶፍትዌሩ በዋናነት የተሠራው በአራት ለሚቆጠር የክለብ ሙዚቃ ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ ማሽኑ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት እየቆጠረ ፍጥነቱን ይስተዋል። የድሮዎቹ ዘፈኖች ደግሞ ይብሳሉ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ በኩል የወጡትን ሥራዎች አስቡ። ባንዱ በአንድነት እየተጫወተ የተቀዱ ናቸው፤ ድራመሩ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያዜም ሁሉም ይጠብቀዋል። ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። ከጥላሁን ገሠሠ ወደ ሸዋ ጭፈራ፣ ከዚያም ወደ ጉራጊኛ ሲሻገሩ የሚያድነው ጆሮ ብቻ ነው።

የፋይሎቹ ነገርም አለ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ልጆቹ ዘፈን የሚለዋወጡት በፍላሽ ነበር። አንዱ ፋይል ይጮኻል፣ ሌላው ያቃጭላል፣ ሦስተኛው መሐል ላይ ይቆረጣል። አስቀድሞ ያልሰማ ዲጄ ይህን የሚያውቀው ከአራት መቶ ዕድምተኛ ጋር እኩል ነው።

አሁን ወደ ጆሮው እንምጣ። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ ያወጣው ወሰን በቀን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ 94 ሲሆን 1 ሰዓት፣ 97 ሲሆን ግማሽ ሰዓት፣ 100 ሲሆን 15 ደቂቃ። የ15 ደቂቃ ሠርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዲጄው የቆመበት ቦታ 97 ዴሲቤል ነው እንበል። የስልክ ማዳመጫ የውጭውን ድምፅ አይከለክልም። ስለዚህ ቀጣዩን ዘፈን ለመስማት ከውጭው በላይ፣ 100 አካባቢ ድረስ መጨመር አለበት። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጥሩ ዝግ ማዳመጫ ከውጭው 15 ዴሲቤል ቢቀንስለት ግን የሚደርሰው 82 ነው፤ ዘፈኑን በ85 መስማት ይችላል። ልዩነቱ የ15 ደቂቃና የ8 ሰዓት ልዩነት ነው። ጥሩ ማዳመጫ ማለት እንግዲህ ከፍ አድርጎ የሚጮኸው ሳይሆን ዝቅ አድርገህ እንድትሰማ የሚያስችልህ ነው። ገበያ ላይ የሚወራው ግን ሁልጊዜ ተቃራኒው ነው፦ «ቤዙን ስማው! እንዴት እንደሚመታ!»

ሠርጉ ወደ አንኮበር ሲሄድ ችግሩ ይበረታል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተተከለ ድንኳን ነው የሚሠራው። ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ነፋሱ ይወስደዋል። ከኋላ ጄኔሬተር ያጉረመርማል። ዳር ያለው ዕድምተኛ «አይሰማም፣ ጨምር!» ይላል። ዲጄው ደግሞ ጠረጴዛው የተቀመጠለት ከሞንታርቦው ሥር ነው። ዳር ላለው ሰው ሲባል የተጨመረው ሁሉ መጀመሪያ የሚያልፈው በእሱ ጆሮ ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ የምንለው ስለ ሐሜት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቃል በቃል ይሠራል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሲሞቱም አያምም። መጀመሪያ የሚሄደው የቀጭን ድምፅ ነው፤ ሰውየው የሚነቃው ሚስቱ «ስንቴ ልጥራህ?» ማለት ስትጀምር ነው። ያ ማግስቱን የሚጮኽ ጆሮ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሙያው ባሕርይ ተደርጎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? መርካቶ ለሚወርድ ሰው የምመክረው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ምንም ሙዚቃ ሳትከፍት ጆሮህ ላይ አድርገው። የመርካቶ ጫጫታ ምን ያህል ራቀ? ካልራቀ መልሰው። መርካቶን ያልከለከለ ድንኳን አይከለክልም። የደብረ ብርሃን ልጅ ከሆንክ ደግሞ ኮፍያህን አውልቀህ ሞክረው፤ ሥራ ላይም አውልቀው። ብርዱን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን በሱፍ ኮፍያ ላይ የተደረገ ማዳመጫ ክፍተት ይኖረዋል፣ ድምፁም ይገባል።

ሁለተኛ፣ አንዱን ጎን ወደ ኋላ አዙረው። ዲጄ በአንድ ጆሮ ነው የሚሠራው፤ የማይዞር ከሆነ በትከሻህ እየደገፍክ አንገትህን ትጎዳለህ።

ሦስተኛ፣ ሽቦ ይኑረው። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገያል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን በሁለት ምቶች መካከል ያለው ግማሽ ሰከንድ ነው፤ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ከዘገየብህ ምት ማጋጠም አይታሰብም። ሽቦው የሚነቀልና የሚተካ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ ነው።

አራተኛ፣ የሙከራ ዘፈኑን ሻጩ አይምረጥልህ። በቃልህ የምታውቀውን፣ ማሲንቆና ከበሮ ያለበትን ዘፈን ክፈት። ከበሮው ሲመታ ጥርት ብሎ ይለያል? ቤዙ ሌላውን ሁሉ የሚውጥ ከሆነ ምቱን አታገኘውም።

አምስተኛ፣ መለዋወጫው ይገኛል ወይ ብለህ ጠይቅ። የሴንሃይዘሩ ኤችዲ 25 እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ነው፤ ክብደቱ 140 ግራም ብቻ ነው፤ ዛሬም ዲጄዎች አንገት ላይ ታዩታላችሁ። ያቆየው መልኩ አይደለም፤ ሽቦው፣ ስፖንጁ፣ ድምፅ ማጉያው ሁሉ ለየብቻው ስለሚቀየር ነው። እሱን ግዙ እያልኩ አይደለም፤ አስመስሎ የተሠራውም ብዙ ነው። ትምህርቱን ግን ውሰዱ።

እዚህ ላይ ገንዘቡ ይመጣል። 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በሐምሌ 2016 መጀመሪያ በባንክ ምንዛሪ 5,700 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ10,000 ብር አለፈ፤ ያውም ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። ስለዚህ ወጣቱ ርካሹን ይገዛል። ርካሹ በአንድ የሠርግ ወቅት ይበጠሳል፤ ሌላ ርካሽ ይገዛል። በሦስት ዓመት ውስጥ የደህናውን ዋጋ ከፍሎ ደህናውን ሳያገኝ ይቀራል። ለወንድሜ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ የሞንታርቦው ብዛት የባለሠርጉን ዓይን ይሞላል፤ ማዳመጫው ግን አንተን ሃምሳ ዓመትህ ላይ ያገኝሃል። በዕቁቡ መጀመሪያ እሱን ግዛ፤ ከተረፈ መብራቱን። ለተከፈተው ጆሮ ደግሞ የስፖንጅ መድፈኛ አድርግ፤ ዘፈን ቀይረህ ስትጨርስ ማዳመጫውን በሁለቱም ላይ መልሰው፤ ጠረጴዛህንም ከሞንታርቦው ኋላ አርቀህ አስቀምጥ።

ይህን ሁሉ ለአንድ ልጅ በስልክ መናገር ይቻላል። የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል፤ የሚያስበው ለጎረቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያስበው ለተቀጣሪ ነው፤ አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የሠርግ ዲጄ ግን ጎረቤትም አይደለም፣ ተቀጣሪም አይደለም። ሪፖርት ሲጻፍ «ራሱን በራሱ የቀጠረ ወጣት» ተብሎ ይቆጠራል። ራሱን የቀጠረ ሰው መከላከያውንም ራሱ ይገዛል፤ አስፈላጊ መሆኑን የነገረው ሰው ካለ ማለት ነው። ለሙዚቃ መሣሪያ ብድር የሚሰጥ ተቋም በግዥ ዝርዝሩ ላይ አንድ ደህና ማዳመጫ እንዲኖር ቢጠይቅ፣ በጀት የማይፈልግ የጤና ፖሊሲ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ የእኛም ድርሻ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው ጣሪያ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው፤ ድንኳን ውስጥ ይህን የሚለካ ሹም አይመጣም። መለኪያው ባለሠርጉ ነው። በመጪው ጥር ልጃችሁን የምትድሩ፣ ዲጄ ስትዋዋሉ የሞንታርቦውን ቁጥር ብቻ አትጠይቁ፤ ጠረጴዛውን የት እንደምታስቀምጡለትም አስቡ። ከዳር አንዱ «ጨምር!» ብሎ ሲጮኽ ልጁ እንቢ ማለት አይችልም፤ ሒሳቡ ያለው እናንተ እጅ ነው። ስለዚህ «ይበቃል» ማለት የእናንተ ነው።