ባሩድ የሌለው ጠመንጃ

በአገራችን ስለ ጠመንጃ ብዙ ተነግሯል። ሠርገኛው ሲደሰት ይተኩሳል፤ ለቀስተኛው ሲያዝን ይተኩሳል፤ ፎካሪውም ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ይዞ የአባቱን ስም ይጠራል። የመሣሪያዎቹ ስሞች እንኳ ከባሕር ማዶ መጥተው በአፋችን ተለውጠው የቤታችን ቃላት ሆነዋል። ሰናድር የምንለው በእንግሊዞች ዘንድ ስናይደር የተባለው ነው፤ ውጅግራ የምንለውም ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት ነው። ዳሩ ግን ስለ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም። ይኸውም ባሩድ የሌለው፥ ወረቀት ለመብሳት ብቻ የተሠራው የዒላማ አየር ጠመንጃ ነው።

ይህን የምጽፈው ለሥራ ተልኬ ከምኖርበት ከጁባ ከተማ፥ ኮር ዊሊያም ከሚባለው ሰፈር ነው። «ኮር» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ክረምት ሲገባ የሚሞላ፥ በጋ ሲሆን የሚደርቅ ወንዝ ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ጠመንጃ ብርቅ አይደለም። ደቡብ ሱዳን በ2011 ዓ.ም. ነጻነቷን አግኝታ፥ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዚችው ከተማ ጦርነት ተነሣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2018 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፥ ጎረቤቶቼ ሌሊት ድምፅ ሲሰሙ ርቀቱንና ዓይነቱን ለይተው ይናገራሉ። ስለዚህ ሁለቱን አሮጌ የአየር ጠመንጃዎቼን ወደዚህ ላመጣ አላሰብሁም፤ ፈቃዳቸው ወጥቶ በአዲስ አበባ በእኅቴ ቤት፥ በሣጥን ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል። በኮር ዊሊያም ጥንቁቅ ሰው ዱላ እንኳ እንደ ጠመንጃ ወደ ትከሻው አያነሣም።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ የዐሥራ አራት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ነው። ባለፈው ወር «አኮይ፥ የሣጥኑን ቁልፍ ላክልኝና መተኮስ ልማር» ሲል መልእክት ሰደደልኝ፤ አኮይ በትግርኛ የእናቴ ወንድም ማለት ነው። በዚያው ቀን እናቱ «በቤቴ ጠመንጃ የሚያነሣ ልጅ አላሳድግም» የሚል ቃል ላከችብኝ። ባሏ ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት የሞተባት ሴት ናትና ቃሏ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለሁለቱም መልስ መስጠት አለብኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን የነገሩን ምንነት ለራሴም መልሼ መመርመር ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት የሞተር ብስክሌት ጎማ ከሚጠግን ወጣት ዘንድ የሚገኘው መንፊያ ይበቃል። የመንፊያውን አፍ በአውራ ጣት ደፍኖ እጀታውን በኀይል ቢገፉት፥ የታመቀው አየር ጣትን ይገፋል፤ የመንፊያውም አካል ይሞቃል። በጠመንጃው ውስጥ የሰውን ክንድ የሚተካው ጠንካራ ሞላ ነው። ሞላ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ የወረሱት ቃል ሲሆን፥ ሲጫኑት የሚታመቅ፥ ሲለቁት የሚዘረጋ የተጠመዘዘ ሽቦ ነው። ተኳሹ በጎን ያለውን ዘንግ ሲስብ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሞላውን ያምቀዋል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ አየሩን ያምቃል፤ አየሩም 4.5 ሚሊሜትር ስፋትና ግማሽ ግራም ያህል ክብደት ያላትን እርሳስ ይገፋል። ኀይሏ 7.5 ጁል ያህል ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈ ሙዙ ሲወጣ 2000 ጁል ገደማ ስለሚይዝ፥ ልዩነቱን አንባቢው ራሱ ያሰላዋል። ቢሆንም ይህች ትንሽ እርሳስ ዓይን ታጠፋለችና መጫወቻ ናት ማለት አይቻልም።

የዚህ ጠመንጃ ችግር ግን ከድካሙ ሳይሆን ከመንቀጥቀጡ ላይ ነው። ከባዱ ፒስተን እርሳሷ ገና ከአፈ ሙዙ ሳትወጣ ስለሚሮጥ መሣሪያውን በሙሉ ያናውጠዋል። ይህን ችግር ካስወገዱት ሰዎች መካከል ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንቡርገር ይገኛሉ። ሁለቱም በኦበርንዶርፍ ከተማ በማውዘር ፋብሪካ የጦር መሣሪያ መሐንዲሶች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳዮች ፋብሪካውን ሲያፈርሱት፥ በ1949 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ፋይንቬርክባው የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1960ዎቹ ዓመታት ባወጧቸው የዒላማ ጠመንጃዎች ምላጩ ሲሳብ የብረቱ አካል በሰደፉ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የተኳሹ ትከሻ ግን አንዳች አይሰማውም። በራሽታት ከተማ የነበረው የዲያና ፋብሪካ ደግሞ በኩርት ጊስ ዘዴ ሁለት ፒስተኖችን በተቃራኒ አቅጣጫ በማስሮጥ የአንዱን ግፊት በሌላው አጠፋ። አንሹትዝ ግን መናወጡን በዘይት ግፊት አበረደው። በእጃቸው የጦር ጠመንጃ ያበጁ ሰዎች በዚያው እጃቸው ወረቀት የሚበሳ ጠመንጃ ለመሥራት ይህን ያህል መጨነቃቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

በ1984 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የአየር ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ገባ፤ ከወንዶች ፈረንሳዊው ፊሊፕ ኤበርሌ፥ ከሴቶችም አሜሪካዊቷ ፓት ስፐርጂን አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሞ የታመቀ አየር የሚጠቀሙ አዳዲስ ጠመንጃዎች የሞላውን ጠመንጃ ከውድድር አስወጡት። አሮጌዎቹም እንደ እኔ ባሉ ሰብሳቢዎች እጅ ወደቁ። የመጀመሪያውን ያገኘሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ካስተማሩኝ መምህር ሲሆን፥ ሁለተኛውን ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሰው ገዛሁት።

መሰብሰብ ማለት ግን ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ከተሠሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ሲከፈቱ፥ አየር እንዳያመልጥ የተደረገው የፕላስቲክ ጎርኒሲዮን እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ይገኛል፤ ስለዚህ በአዲስ መተካት አለበት። ያለ እርሳስ መተኮስ ፒስተኑን ከብረት ጋር ያላትመዋል። ሞላውን አምቆ ለረጅም ሰዓት መተው ያደክመዋል። ተራ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ማፍሰስም ክልክል ነው፤ አየሩ ሲታመቅ በሚፈጥረው ሙቀት ዘይቱ ይቀጣጠልና ባሩድ የሌለው ጠመንጃ እንደ ባሩድ ጢስ ያወጣል። እርሳስ በሚጎረስበትም ጊዜ ዘንጉን በአንድ እጅ አጥብቆ መያዝ ግድ ነው፤ ቢያመልጥ ጣት ይቆርጣል።

አንድ ቀን ማታ ለግቢያችን ዘበኛ ይህን ሁሉ አጫወትሁት። በወጣትነቱ ወታደር የነበረ ሰው ነው።

«ይህ ጠመንጃህ ምን ይገድላል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ወረቀት» አልሁት።

«ወረቀቱ ምን አደረገ?» ብሎ ሳቀ። ርቀቱ ዐሥር ሜትር መሆኑን ስነግረው «በዐሥር ሜትርማ ዕውርም ይመታል» አለኝ። በዚህ ጊዜ በወረቀት ላይ በእርሳስ ጫፍ አንዲት ነጥብ አደረግሁ። ዐሥር ቁጥር የሚያሰጠው የዒላማው መካከል ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን፥ በውድድርም ቆመው ስድሳ ጊዜ እንደሚተኩሱ ነገርሁት። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ብዙ ተመለከተው።

«እጅ ይንቀጠቀጣል እኮ!» አለኝ።

«ጨዋታውም ይኸው ነው» ስል መለስሁለት።

አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ። ከአፈ ሙዝ የወጣም እንደዚሁ ነው፤ የሚመልሰው የለም። ሆኖም በሞላ ጠመንጃ ምላጩ ከተሳበ በኋላ እርሳሷ ከአፈ ሙዙ እስክትወጣ የሰከንድ መቶኛ ያህል ጊዜ አለ። የመታውን ለማየት ቸኩሎ ራሱን ቀና የሚያደርግ ተኳሽ በዚህች ቅጽበት ይስታል። ስለዚህ መምህሬ ከተኰስን በኋላ ዓይናችንን ከማነጣጠሪያው ሳናነሣ፥ ትንፋሻችንን ሳንለቅ እስከ ሁለት እንድንቈጥር ያስገድዱን ነበር። ፎካሪው ተኩሶ ይዘላል፤ ዒላማ ተኳሹ ግን ተኩሶ ይቆማል። ጠመንጃ በበዛበት አገር ለሚያድግ ልጅ፥ ምላጭ መሳብ የነገሩ መጨረሻ አለመሆኑን በአካሉ መማር ይጠቅመዋል የሚል እምነት አለኝ።

ይህ ግን የእኔ እምነት እንጂ የእኅቴ አይደለም። እርሷ «ትዕግሥት ለማስተማር ጠመንጃ ብቻ ነውን? በገናም አለ፥ መጽሐፍም አለ» ብትለኝ ልረታት አልችልም። የልጁንም ፍላጎት ከጨዋታ ይሁን ከበቀል ከዚህ ሆኜ መለየት አይሆንልኝም፤ አጠገቡ ያለችው እርሷ ናት። ስለዚህ ለልጁ እንዲህ ስል ጻፍሁለት፦ «ቁልፉን የምልከው ለእናትህ ነው። እርሷ እስክትፈቅድ፥ እኔም መጥቼ አጠገብህ እስክቆም ድረስ ሣጥኑ አይከፈትም። እርሷ አይሆንም ካለች ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ አንተም አታስቸግራት።» ለእኅቴም ሐሳቤን ሁሉ ሳልሸሽግ ጻፍሁላት። ቁልፉንም ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በቤታቸው ያላቸው አባቶች ሁሉ አስቀድመው የአገሩን ሕግ ይጠይቁ፤ ዘወትር ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ተጐርሶም ይሁን ባዶ ወደ ሰው እንዳይዞር ያስተምሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በቤቱ ውስጥ የጠመንጃን ጉዳት ያየ ሰው እንዳለ ያስቡና ቃሉን ያድምጡ። እኅቴ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠችኝም፤ እኔም አላስቸኰልኋትም።