«ታድግበታለች»

እኛ እናቶች ለልጆቻችን ጫማ ስንገዛ ከአፋችን የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፦ «ታድግበታለች»። ልጁ ወንድ ከሆነም «ያድግበታል»። እኔም ሮቤ ገበያ ቆሜ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልጆቼ ሁሉ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተወተፈበት ጫማ እያደረጉ ነው ያደጉት። የአገልጋይ ቤት ኑሮ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ጫማ ሁለት ዓመት ካላገለገለ ሒሳቡ አይሞላም።

ስለዚህች ቃል ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ግን የሮቤ ገበያ ሳይሆን ከካናዳ የመጣ ስልክ ነው።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ካልጋሪ ነው። የስምንት ዓመት ልጇ እንደ ክፍል ጓደኞቹ የበረዶ ሆኪ ካልተጫወትኩ ብሎ መውጫ መግቢያ አሳጣት። ለማታውቁት፣ ጨዋታው አባቶቻችን በገና ሰሞን ይጫወቱት ከነበረው የገና ጨዋታ ጋር ይቀራረባል። በሁለቱም ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይያዛል። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ መሆኑ፣ በሩሯ ምትክ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ መመታቱና ተጫዋቹ ከሥሩ የብረት ስለት ባለው ጫማ መንሸራተቱ ነው።

«እትዬ፣ ልጄን በገዛ እጄ ላሰብረው ነበር» አለችኝ። የሆነው እንዲህ ነው። የመንሸራተቻው ጫማ ውድ ስለሆነባት እንደ እናታችን አሰበችና በሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ገዛች፤ «ያድግበታል» ብላ። ልጁ በረዶው ላይ በቆመ ቁጥር ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይወድቃል። እሷ ደግሞ ከዳር ሆና «አትስነፍ! ቀጥ በል!» ትለዋለች። እንዲህ ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ አሠልጣኙ ጠራትና የልጁን ጫማ ክር ፈታ። እግሩን ወደ ፊት አስገፍቶ ከተረከዙ ኋላ ጣቱን ቢያስገባ ሁለት ጣት ያለ ችግር ገባ። «እመቤቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። እግሩ ጫማው ውስጥ እየዋኘ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ የተማረችውን ሁሉ በስልክ ነገረችኝ። በውጭ አገር ያላችሁ እናቶች ይጠቅማችኋልና ላካፍላችሁ። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ቁጥሩ ከዘወትሩ ጫማ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ያንሳል። ሲለካ ካልሲው ስስ ይሁን። ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ የጫማውን ጫፍ ለስለስ አድርገው ይነካሉ፤ ጉልበቱን ሲያጥፍ ደግሞ ተረከዙ ወደ ኋላ ገብቶ ጣቶቹ ከጫፉ ይላቀቃሉ። ተረከዝ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። ለሚያድግ ልጅ የሚፈቀደው ትርፍ ቢበዛ የቁጥር ግማሽ ነው። አዲስ ጫማ ብዙ ጊዜ ስለቱ ሳይሳል ስለሚሸጥ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ማሳል ያስፈልጋል። ዱላው ልጁ ጫማውን አድርጎ ሲቆም እስከ አገጩ ይደርሳል። የቅልጥም መከላከያው የሚለካው ከጉልበት መሐል ጀምሮ ነው። የራስ መከላከያው ከቅንድብ በላይ አንድ ጣት ያህል ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ ለብቻው መንቀሳቀስ የለበትም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ በምን ገንዘብ?» አልኳት። እዚያ ያገለገለ የስፖርት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ኪድስፖርት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅትም አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች የልጆችን የመመዝገቢያ ክፍያ ያግዛል። እሷም ትልቁን ጫማ መልሳ ሸጠችና ያገለገለ፣ ግን ልኩ የሆነ ገዛች። ያገለገለ እንዳትገዛ የተመከረችው የራስ መከላከያውን ብቻ ነው፤ ውስጡ የተሰነጠቀ መሆኑ በዓይን ላይታይ ይችላልና።

ስልኩን ዘግቼ በእህቴ ላይ ትንሽ ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልቆየም።

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሯጭ ናት። ሌሊት ተነሥታ ከጓደኞቿ ጋር ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ትሮጣለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነች፤ የንጋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ስንዴውም ላይ ውርጭ የሚያድርበት ጊዜ አለ። እሷ ግን ብርዱ አያስመርራትም። በጎረቤታችን በአርሲ ከበቆጂ የወጡትን እነ ደራርቱ ቱሉንና እነ ፋጡማ ሮባን እያሰበች ትሮጣለች። ፋጡማ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቅ ስታገኝ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች።

የልጄ የሩጫ ጫማ ስጦታ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ዘመዳችን ከውጭ አመጣችላት። ሲመጣ ይሰፋት ነበር፤ እኔም የለመድኩትን ቃል አልኩ። ያን ጊዜ ቤታችን እንግዶች ነበሩና በፊታቸው «አመስግኚ! ስንት ልጅ በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር!» ብዬ መከርኳት። ልጄም ጎንበስ ብላ አመሰገነች።

ያን ማታ ከእህቴ ጋር ካወራሁ በኋላ «እስቲ ጫማሽን አድርገሽ ነይ» አልኳት። አደረገች። ከተረከዟ ኋላ ጣቴን ላስገባ ብሞክር ቦታ የለም። የጫማውን ጫፍ ብጫን አውራ ጣቷ ተወጥሮ ቆሟል። «አውልቂ» አልኳት። አመነታች። ካልሲዋን ስታወልቅ የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጥፍር ጠቁሯል፤ አንደኛው ከሥጋው ሊለቅ ደርሷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ዝም አለች። ቆይታ ግን ዓይኗን ሳታነሣ፣ «እማዬ፣ አመስግኚ ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች።

እህቶቼ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ዳዊትና ስለ ሳኦል የጦር ልብስ የክፍል ስብከት አቅርቤ ነበር። ታሪኩ በ1ኛ ሳሙኤል 17 ላይ አለ። ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በቁመት የሚበልጥ ሰው ነበር። የራሱን ቁርና ጥሩር ለእረኛው ልጅ አለበሰው። ዳዊት ለመሄድ ሞከረና አልሆነለትም፤ አውልቆም አስቀመጠው። እኔ ያኔ የሰበክሁት ስለ ወንጭፉና ስለ ድንጋዮቹ ነበር። ያን ሌሊት ግን ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ዳዊት «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ለንጉሥ መናገር ቻለ፤ ንጉሡም አልተቆጣም። የእኔ ልጅ ግን ይህንኑ ለእናቷ መናገር ፈራች። ያስፈራኋት እኔ ነኝ። የመጋቢ ልጅ አታማርርም፣ የመጋቢ ልጅ ሁሉን በምስጋና ትቀበላለች ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ምስጋናን አስተማርኳት ስል ሕመምን መደበቅ አስተምሬአታለሁ።

ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም ወረቀትና እርሳስ አመጣን። ተረከዟን ከግድግዳ አስጠግታ ወረቀቱ ላይ ቆመች፤ ረጅሙ ጣቷ የደረሰበትን አሰመርን። አንዱ እግር ከሌላው ስለሚበልጥ ሁለቱንም ለካን፤ የያዝነው ትልቁን ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር። ለሩጫ ከፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለት የአውራ ጣት ወርድ፣ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ 26 ሆነ። የአውሮፓ ቁጥር የሚሰላው አንድ ቁጥር ሁለት ሦስተኛ ሳንቲ ሜትር ሆኖ ስለሆነ፣ 26ን በአንድ ተኩል ስታበዙት 39 ይመጣል። ልጄ ስትሮጥ የነበረው በ37 ነው። ቃሌ እኮ ደርሶ ነበር፤ ልጄ ጫማው ላይ አድጋበታለች፣ አልፋውም አድጋለች። እኔ ግን ከዚያች ቀን በኋላ ተመልሼ አላየሁም።

ባለቤቴም «ካፖርቱ ለከርሞ ይቆይ» አለና ያጠራቀመውን ሰጠን። ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ወጣን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ትንሽ ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው ያኔ ነው። አዲሱ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ወደ ሳልቫጁ ሄድን። ከምላሱ ሥር ባለው ምልክት ላይ ብዙ ጊዜ የሳንቲ ሜትሩ ልክ ስለሚጻፍ ቁጥሩን ብቻ አላመንንም። የውስጡን ንጣፍ አውጥታ መሬት ላይ አድርጋ ቆመችበት፤ እግሯ በጎን እንዳይተርፍና ከፊት አውራ ጣት ያህል እንዲቀር ነው። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ከኋላ አየነው፤ ወደ አንድ ጎን ያጋደለውን ተውነው። የመካከሉን ሶል በጣት ጫንን፤ ደርቆ የማይመለሰውንም ተውነው። የሩጫ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ካገለገለ በኋላ ልስላሴው ያልቃልና። ስድስተኛው ላይ ልጄ ራሷ «ይሄ አይሆነኝም፣ ጎኔን ይዞኛል» አለች። ነጋዴው ፊቱን ቢያጠቁርም እኔ ግን ደስ አለኝ። ዘጠነኛውን ገዛን።

ስንመለስ ስለ አበበ ቢቂላ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጀግንነት ለማሳየት ብቻ እንዳልነበረ ይነገራል፤ የተሰጠው አዲስ ጫማ ስላልተስማማው እንደ ልምምዱ ባዶ እግሩን መረጠ። በ1964 በቶኪዮ ግን የሚስማማውን ጫማ አድርጎ ዳግመኛ አሸነፈ። ዛሬ ጫማ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ስትሰብር፣ የጫማዋ ዓይነት አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ነበር። ደራራ ሁሪሳ ደግሞ በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ ከገባ በኋላ ሶሉ ከተፈቀደው 4 ሳንቲ ሜትር በአንድ ስለበለጠ ውጤቱ ተሰረዘበት። ልጄ ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲህ እንደ ልኩ መሆን አለበት ማለት ነው» አለች።

የጠቆረው ጥፍር ወድቆ አዲሱ እየበቀለ ነው፤ ገና አልሞላም። አሮጌውን 37 ቁጥር ለአንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሰጠነው፤ በወረቀት ለክተን ልኳ መሆኑን ካየን በኋላ ነው።

እህቶቼ፣ ልጆች ሳናውቀው ያድጋሉ። በየሦስት ወሩ አንዴ ያቺን ወረቀት አውጡና ልኩ። ስትለኩም «አመስግን» ከማለታችሁ በፊት «ያምሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ሳትቆጡ ስሙ።