ስለ ኀዘን መጻፍ፤ ለአንዲት እኅት የተሰጠ መልስ

በዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች የምትኖር አንዲት እኅት፣ እናቷ ካረፉ በኋላ ሌሊት ሌሊት የጻፈችውን ልካልኝ፣ ይህን ለሕዝብ ባወጣው ኀዘኔን ማርከስ ይሆንብኝ ይሆን ስትል ጠይቃኛለች። እኔም አባቴ ካረፉ ወዲህ የጻፍሁትን በዚህ ገጽ ላይ ከማውጣቴ በፊት ይኸው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ልቡናዬን አስጨንቆት ስለ ነበረ፣ በእርሷም ፈቃድ፣ መልሱን እናንተ ባላችሁበት ልጽፈው ወደድሁ።

ኀዘንን በቃል አስውቦ በሰው ፊት ማቅረብ ስልክ ያመጣብን ነውር አይደለም። አገራችን አልቃሿ ሟቹን በስሙና በሙያው እየጠራች ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው እየተቀበለ የሚያለቅስባት አገር ናት፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ምሥጢሩ ከመጻሕፍት ጋራ የተስማማ የልቅሶ ዜማ ግጥም በ1910 ዓ.ም. አሳትመው ለአንባብያን አቅርበዋል። በዚያ ሥርዓት ያዘነው ሰው ብቻውን አይናገርም፤ የሚቀበለው አለ፤ መጽናናትም የሚጀምረው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከመቀበሉ ነው። መጻፍ ብቻውን የማይጠቅም ሆኖ አይደለም። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለአራት ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ስለ ደረሰባቸው መከራ የጻፉ ተማሪዎች፣ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በቀጠሉት ወራት ወደ ሐኪም መመላለሳቸው አንሶ ተገኝቷል፤ እነዚያ ተማሪዎች ግን ለአደባባይ አልጻፉም፤ ስለዚህ የመጻፍ ፈውስ ሌላ፣ የማካፈል ፈውስ ሌላ መሆኑን መለየት ይገባናል።

የዚህች እኅት ጉዳት ደግሞ ሁለተኛውን የሚሻ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ የሚነገር ሲሆን፣ እርሷ ግን አክስቷ በስልክ «ትንሽ አሟቸው ነው» እያሉ ሲያቆዩዋት፣ የእናቷን ፎቶግራፍ ከጧፍ ሥዕል ጋራ በአንድ የሰፈር ሰው ገጽ ላይ አየችው፤ ከሥሩም «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል ተደርድሮ ነበር። በዚያች ምሽት በቤቱ እንግዶች ነበሩና፣ ስልኳን ከሩዙ ጆንያ ኋላ ሸሽጋ፣ ሳህኑን ሁሉ አጥባ ጨርሳ፣ ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ድንኳን አልተተከለላትም፤ እዝን ያመጣላት፣ ሰልስት አብሯት የዋለ አንድም ሰው የለም።

እንግዲህ እኅቴ ሆይ፣ አውጪው። ያልተቀመጥሽውን ልቅሶ በጽሑፍ ብትቀመጪ፣ ቃልሽን የሚቀበል ለቀስተኛ ከየሀገሩ ይመጣልሻል፤ እኔ የአባቴን ነገር ባወጣሁ ጊዜ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች የየራሳቸውን ሙት እያነሡ ሲጽፉልኝ፣ ከዚያ በፊት ያላገኘሁትን ዕረፍት አግኝቻለሁ። ነገር ግን ከማውጣትሽ በፊት ለአክስትሽ አንብቢላቸው፤ መርዶው ገና ያልደረሰው ዘመድ ቢኖር፣ በአንቺ ላይ የደረሰው በእርሱ ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቂ። ወንድምሽ የላክሽውን የሕክምና ገንዘብ ምን አደረገው ያልሽበትንም ክፍል በደብተርሽ አስቀሪው፤ እርሱ በሕይወት አለና፣ ይህ በእናንተ መካከል በሽማግሌ ፊት የሚታይ ነገር ነው። እኔም እናቴ ያልፈቀዱልኝን አላወጣሁም፤ ወደ ፊትም አላወጣም።

አሠሪዎችሽን ፈርተሽ ስምሽን መሸሸግ ብትወጂም ነውር የለበትም። ሲ. ኤስ. ሉዊስ የተባለው ዕውቅ ደራሲ ሚስቱ በ1960 እ.ኤ.አ. ከሞተችበት በኋላ የጻፈውን የኀዘን ማስታወሻ በሚቀጥለው ዓመት ያሳተመው በሌላ ስም ነበር። የእናትሽን ስም ግን አትሸሽጊ። የእኔ አባት ስማቸው ከስሜ ቀጥሎ ስለሚጻፍ ፊርማዬን ባኖርሁ ቁጥር አብረውኝ አሉ፤ የአንቺ ፓስፖርት ግን የሚናገረው አባትሽንና አያትሽን ነው፤ ዘጠኝ ወር ተሸክመው የወለዱሽ እናትሽ በእርሱ ላይ አይገኙም፤ አንቺም በጽሑፍሽ ሁሉ «እናቴ» ብለሽ ብቻ አልፈሻል። ስለዚህ የዓለም ስማቸውን፣ ከእርሱም ጋራ የክርስትና ስማቸውን፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊው፤ አንብቦ በጸሎቱ ሊያስባቸው የሚወድ ሰው በየትኛው ስም እንደሚጠራቸው እንዲያውቅ።